የሚታመን ግቢ ፍለጋ

አርሌት ሃውገን ሃያ ስድስት ዓመት እስር ቤት ስትጠብቅ ኖራ ሳጅን ሆና ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ሰውን ሁሉ በሁለት ትከፍለዋለች፤ በር ዘግቶ መዘጋቱን በእጁ ነክቶ የሚያረጋግጥና የማያረጋግጥ። ሁለተኛውን ወገን ከሰው አትቆጥረውም። ባሏ ሜሪል ከሁለተኛው ወገን ነበር።

ሜሪል በግሬት ፎልስ ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት ሙዚቃ ያስተማረ፣ ጥሩምባ የሚነፋ፣ ላገኘው ሁሉ ፈገግ የሚል ሰው ነው። ጡረታ ሲወጡ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያላት፣ ሠላሳ ጫማ የምትረዝም ቤት መኪና ገዙ። በሙቀቱ ወራት ከወንዝ ወንዝ እየዞሩ ዓሣ ያጠምዱባታል። በረዶ ሲወርድ ደግሞ ደጃፋቸው ላይ ትቆማለች። ታዲያ ስድስተኛው ዓመት ላይ፣ በመስከረም፣ ከሠፈሩ ኮሚቴ፣ በጸሐፊዋ ፊርማ፣ ደብዳቤ መጣ፤ ከሦስት ቀን በላይ ደጃፍ ላይ ቤት መኪና ማቆም የመንደሩን ውበት ስለሚያበላሽ ተከልክሏል ይላል።

አርሌት ደብዳቤውን ቁርስ ላይ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ደጃፏ ላይ አሥራ አንድ የፕላስቲክ አጋዘን ያቆመች ሴት፣ ስለ ውበት ትጽፍልኛለች» አለች።

«ሥራዋ ሆኖባት ነው እኮ» አለ ሜሪል። «ለቤት መኪናችን ደህና ማቆያ እንፈልግላታ። የሚጠበቅ ግቢ ሞልቷል።»

«የሚጠበቅ ግቢ!» አርሌት ደብዳቤውን ቅቤ መክደኛው ሥር ወሸቀችው። «መጠበቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እስቲ አሳየኝ።»

መጀመሪያ የሄዱት አዲስ ወደተከፈተው፣ የብረት ጋሻ ወደሚባለው ማቆያ ነው። ቢሮው መስታወት በመስታወት ነው፤ ፊት ለፊቱ ውሃ የሚረጭ ፏፏቴ፣ ጠረጴዛው ላይ ብስኩት። ኃላፊው ስፔንሰር የሚባል፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጥርሱን በጣም ያስነጣ ሰው ነበር።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እናቴ» አለ እጁን እየዘረጋ።

«እናትህ አይደለሁም። ብሆን ኖሮ ሰው በቆመበት ብስኩት እያኘክ እንዳታወራ አሳድግህ ነበር።»

ስፔንሰር የያዘውን ዋጠና ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ግቢውን እያዞረ አሳያቸው። ባለ ሁለት ሰው ቁመት አጥር፣ በየመብራቱ ምሰሶ ላይ ካሜራ።

«አርባ ስምንት ካሜራ አለን።»

«ማን ያያቸዋል?»

«ይቅርታ?»

«ቁጭ ብሎ የሚያያቸው ሰው ማን ነው?»

«ሰው አያስፈልግም። የተቀረጸው በሙሉ በኢንተርኔት ደመና ውስጥ ይቀመጣል።»

አርሌት ቀና ብላ ሰማዩን አየች። የዚያን ቀን እንደ ሳህን የጠራ ነበር።

«ላም አለኝ በሰማይ» አለች። «ሌባው መኪናዬን ይዞ ሲወጣ ይዘንብበታል ማለት ነው?»

ሜሪል ጉሮሮውን ጠረገ። ዋናው በር አጠገብ ሲደርሱ ስፔንሰር፣ በሩ የሚከፈተው ለደንበኞች ብቻ በሚሰጥ ምስጢር ቁጥር መሆኑን ይዘረዝር ጀመር። አርሌት አትሰማውም። ቁጥር መጫኛውን እያየች ነበር። ከአሥሩ ቁጥሮች አራቱ ብቻ ብዙ ጣት ነክቷቸው ቀለማቸው ለቋል። ከዚያ ዞር ብላ የቢሮውን ግድግዳ አየች። የቤት ቁጥሩ በትልልቅ የናስ ፊደል ተለጥፎበታል፤ 2714። ጣቷን ሰድዳ ሁለት፣ ሰባት፣ አንድ፣ አራትን ተጫነች። በሩ እያቃሰተ ተከፈተ።

ስፔንሰር አፉን ከፍቶ ቀረ። «እንዴት አወቁት?»

«ፊደል ስለቆጠርኩ» አለችና ወደ መኪናቸው ሄደች።

ሁለተኛው ቦታ ሜሪል ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን የሚያውቀው የኦርቪል ታንበርግ እርሻ ነበር። ኦርቪል ስንዴውን ካስገባ በኋላ ባዶ የሚቀረውን ትልቅ ጎተራ ለቤት መኪናዎች ያከራያል። ሰውየው ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን አርሌትን አበሳጫት። የጎተራው ቁልፍ በሩ ጎን ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ይኼ ቁልፍ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚውለው?»

«እንዳይጠፋ ብዬ ነው፣ አርሌትዬ። ይኸውልሽ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እግዚአብሔር ጠብቆልኛል።»

«እግዚአብሔር ሌላ ሥራ የለውም?»

ውስጥ ገብተው አንዱን ተጎታች ቤት ከፈተላቸው። አልጋው ላይ ፍራሹ ተቦርቡሮ ጥጡ ወጥቷል፤ ወለሉ ላይ ጥቁር ገብስ የመሰለ የአይጥ ኩስ።

«አይጦችህ ግን ታማኞች ናቸው» አለች አርሌት። «በሞት ካልሆነ አይለዩህም።»

ኦርቪል ከት ብሎ ሳቀ። ሜሪል አብሮት ሳቀ። አርሌት ሁለቱንም እንደ ጥፋተኞች አየቻቸው።

ሦስተኛው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ድሮ የከብት ጨረታ የሚካሄድበት ግቢ ነበር። ሜሪል ፀጉር አስተካካዩ ነግሮት ነው። ፏፏቴ የለ፣ ብስኩት የለ። ሰው ዘሎ የማያልፈው፣ የኮርማ ግፊት እንዲችል ተብሎ የተሠራ ወፍራም የእንጨትና የብረት አጥር፤ አንድ መግቢያ፤ በመግቢያው ላይ ክንድ የሚያህል ሰንሰለት። ገና ከመኪናቸው ሳይወርዱ አሥራ አራት ዝዮች አንገታቸውን እያስረዘሙ፣ ሙሾ እንደወረደበት ቤት እየጮኹ፣ አጥሩን በውስጥ ተደርድረው ቆሙ።

አርሌት ዝዮቹን አየች፣ ሰንሰለቱን አየች፣ ወርዳም ዳር ዳሩን በእግሯ መዞር ጀመረች። አጥሩን ገፋች፤ አልነቃነቅ አለ። ሥሩን በጫማዋ ቆፈረች፤ ሲሚንቶ ነው። በአንድ ጥግ የሚወጣበት ቦታ ያገኘች መስሏት ብትጠጋ ዝዮቹ ቀድመው ደረሱ። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሯል። የሚናቅ ነገር ማጣቷ አናዷት ነበር።

«ይኼን ግቢ የሚጠብቀው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ ሳጅን» አለ ከውስጥ የበቆሎ ባልዲ የያዘ ሰው።

ወዲያው አወቀችው። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ከሲታ ነው፤ ዓይኑ ግን ያው ነው። ላይል ፒኬት። ድሮ የሰው ጋራዥና የሰው ቤት መኪና እየሰበረ የሚሰርቅ፣ ሁለት ጊዜ እሷ የምትጠብቀው እስር ቤት የገባ፣ በሁለተኛው ጊዜ አምልጦ አሥራ አንድ ቀን ከጠፋ በኋላ እናቱ ቤት ገንፎ ሲበላ የተያዘ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏል።

«ሜሪል» አለች ባሏን ሳታይ፣ «ይኼ ሰው ሌባ ነው።»

«ነበርኩ» አለ ላይል። «አሁን ሌባን ነው የማውቀው። ይግቡ፣ እጅዎን ከዝዮቹ ያርቁ ብቻ።»

መግባት አልፈለገችም፤ ግን ገባች፤ የማየት ፍላጎቷ አሸነፋት። ላይል እያዞረ አሳያቸው። በሩን ከሱ በቀር የሚከፍት የለም። መኪናዬን ልውሰድ የሚል ባለቤት በአካል መጥቶ በስሙ ይፈርማል። የያንዳንዱ መኪና ባትሪ ተነቅሎ ለብቻ ይቀመጣል። እሱ ራሱ እዚያው፣ ድሮ የከብቱ መዝጋቢ ይቀመጥባት በነበረችው ክፍል ያድራል።

«አንተ ብትሆን የብረት ጋሻን እንዴት ትሰብረው ነበር?» አለች በድንገት።

ላይል ትንሽ አሰበ። «መስበር ለምን? ሰላም ብዬ እገባለኋ። የበሩ ቁጥር ግድግዳው ላይ ያለው የቤት ቁጥር አይደል?»

አርሌት ሳታስበው ሳቀች። ላይልም ሳቀ። ለአፍታ ያህል፣ ሙያቸውን የማያውቅ ሰው እንዳጋጠማቸው ሁለት ባለሙያዎች፣ ስለ ስፔንሰርና ስለ አርባ ስምንት ካሜራዎቹ ተሳሳቁ። ሜሪል ደስ ብሎት ከአንዱ ወደ አንዱ ያያል። ከዚያ አርሌት ከማን ጋር እንደምትስቅ ትዝ አላትና ፊቷን ሰበሰበች።

«እስቲ ንገረኝ» አለች። «ያኔ ስታመልጥ የቁልፉ ምኑ ነበር ብልሹ? መርማሪዎቹ የቁልፉ መወርወሪያ ብረት በደንብ አይገባም ነበር ብለው ጻፉ። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚያን ቁልፍ ሠሪዎች በየማዕዱ ስረግም ነው የኖርኩት።»

ላይል ባልዲውን አስቀመጠ።

«ቁልፉ ደህና ነበር፣ ሳጅን።»

«እንዴት ደህና?»

«ዳቦ የሚያመጣው ሰውዬ ካፖርቱን ሰቅሎ ሽንት ቤት ገባ። ካፖርቱን ለበስኩ፣ ባዶዎቹን የዳቦ ሳጥኖች እስከ አፍንጫዬ ተሸከምኩ፣ ወደ በሩ ሄድኩ። እርስዎ ነበሩ በሩ ላይ። እጄ ሞልቶ ሲያዩኝ ከፈቱልኝ። በትከሻዎ ደግፈው ያዙልኝ። ‹ተጠንቀቅ፣ ደረጃው ያዳልጣል› አሉኝ። እኔም አመሰገንኩዎት።»

አርሌት ደረጃው ታወሳት፤ የሳጥኖቹ ቁልል፣ ከሥሩ የሚራመዱት እግሮች። ያኔ ፊት አላየችም። ለማየትም አልሞከረችም።

«ለመርማሪዎቹ ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ይጠቅመኛል? እርስዎ ክፉ አልነበሩም። እጄ ሞልቶ ሲያዩ በር የያዙልኝ ብቸኛ ሰው እርስዎ ነበሩ።»

«ሜሪል፣ መኪና ውስጥ ግባ» አለች።

ሐዲዱን ሲሻገሩ እሷ ጀመረች።

«ሥጋ ለጅብ አደራ አይሰጥም።»

«እኔ ግቢው ጥሩ መሰለኝ።»

«ላንተ ሁሉም ጥሩ ይመስልሃል። መኪናችን የብረት ጋሻ ትገባለች። ቁጥሩን ቀይሩ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

«በአንድ ሙከራ ነው እኮ የከፈትሽው፣ አርሌት።»

«ሌላው ሰው እንደኔ አይደለም» አለች፤ ካለች በኋላ ግን ቃሉ አፏ ውስጥ መረራት።

ቤት መኪናዋ በጥቅምት መጀመሪያ የብረት ጋሻ ገባች። ኅዳር ላይ፣ የምስጋና በዓል ሳምንት ሲቀረው፣ ቧንቧዎቿ በብርዱ እንዳይፈነዱ ሊያዩ ሄዱ። ማክሰኞ በረዶ ወርዶ ነበር። ግቢው በሙሉ ነጭ ነው። የነሱ ቦታ ላይ ግን አንድ ረጅም፣ ደረቅ፣ ግራጫ የሲሚንቶ መደብ ብቻ ተገልጦ ቀርቷል።

«በረዶው ከወረደ በኋላ ነው የወሰዷት» አለች አርሌት። ወዲያው መኪናቸው ውስጥ ገባች። ሜሪል ወደ ቢሮው የምትነዳ መስሎት ነበር። እሷ ግን ሐዲዱን ተሻገረች።

ላይል ግቢው ውስጥ ቤንሰን የሚባሉ አዛውንት ባልና ሚስት ተጎታች ቤታቸውን ሲሸፍኑ እያገዛቸው ነበር።

«የት አደረግሃት?» አለች ገና በሩ ላይ።

«ምኗን?»

«ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል! ሁለታችሁም ስሙ፤» ወደ ባልና ሚስቱ ዞረች፣ «ይኼ ሰው የታወቀ ሌባ ነው። እኔ ነኝ የቆለፍኩበት። ዕቃችሁን ማን እጅ እንዳስገባችሁ እወቁት።»

ወይዘሮ ቤንሰን የሸራውን ገመድ ከእጃቸው ለቀቁ። የላይል ፊት ቀላ፤ ድምፁ ግን አልተነሳም። ሰንሰለቱን ፈታ።

«ይፈትሹ፣ ሳጅን።»

ከረድፍ ወደ ረድፍ እየተራመደች ፈተሸች። ዝዮቹ ከኋላዋ ናቸው፤ አንዱ ሱሪዋን ነከሳት። የሷ ቤት መኪና የለችም። እዚያ ግቢ ውስጥ አንድም የተሰረቀ ነገር የሚመስል አልነበረም።

«የመስታወቱ ቤት ሰዎች የቀረጹትን አይተዋል?» አለ ላይል ስትመለስ።

አላየችም ነበር። የምርመራን ሀሁ የዘለለችው እሷ ናት። ተመልሳ ወደ ብረት ጋሻ ነዳች።

ስፔንሰር ምስሉን ከደመናው ለማውረድ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ረቡዕ፣ ጠዋት አራት ሰዓት። አንድ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው ወደ በሩ ይመጣል፤ ቁጥር ይጫናል፤ ይገባል።

«ቁጥሩን ለወጣችሁት?» አለች አርሌት።

«ለወጥነው። 4172።»

«ገለበጣችሁት።»

ስፔንሰር ጠረጴዛውን አየ። ምስሉ ቀጠለ። ቤት መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ መውጫው ትመጣለች። በሩ መንሸራተቻው ላይ በረዶ ገብቶበት ግማሽ ተከፍቶ ይቆማል። ያኔ ከቢሮው ስፔንሰር ራሱ አካፋ ይዞ እየሮጠ ይወጣል፤ በረዶውን ይዝቃል፤ በሩን በትከሻው ገፍቶ ይይዛል። ቤት መኪናዋ ታልፋለች። ሾፌሩ እጁን ያወዛውዛል። ስፔንሰርም ያወዛውዛል።

«የጥገና ሰው መስሎኝ ነው» አለ ስፔንሰር። ድምፁ ቀጥኗል። «እንዲያውም ቀስ ይበሉ፣ መንገዱ ያዳልጣል ብዬዋለሁ።»

ሜሪል ዓይኑን ጨፈነ፤ የሚመጣውን ያውቀዋል። አርሌትም ተዘጋጅታ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያጠራቀመችው ስድብ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ሰውየውን አየችው። ምስሉ ላይ በሩን በትከሻው እንደያዘ ቆሟል። ስድቡን ዋጠችው።

«ፖሊስ ጥራ» አለችው፤ ወጥታም ፏፏቴው አጠገብ ቆመች።

ፖሊስ ቤት መኪናዋን በሦስተኛው ቀን አገኛት፤ መቶ ማይል ርቃ፣ አንድ ቁማር ቤት ደጃፍ። የወሰዳት ሰው የብረት ጋሻ ደንበኛ ሆኖ ተገኘ፤ የራሱ ቤት መኪና ከነሱ ሁለት ረድፍ አልፋ ቆማለች። ማሞቂያዋ ስለተበላሸ የነሱን «ለትንሽ ቀን ተውሼ ነው» አለ። ምድጃው ላይ የባቄላ ወጥ አሮበታል፤ በሜሪል ፎጣ እግሩን አብሶበታል።

«ሌባ እንኳ ለመሆን ያልበቃ» አለች አርሌት። ይህን ስትል ብቻ ትንሽ ነፍሷ መለስ አለ።

ሜሪል ፎጣውን ጣለና፣ በጋብቻቸው ዘመን ብዙም ባልተሰማ ቁርጥ ያለ ድምፅ፣ «እኔ ላይል ጋ እንድትገባ እፈልጋለሁ» አለ። «ዝዮቹንም ወድጃቸዋለሁ። ካልፈለግሽ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

አብረው ሄዱ። ላይል ሰንሰለቱን ሳይፈታ በአጥሩ ማዶ ቆመ።

«ቦታ ይኖርሃል?» አለች።

«አንድ አለ። የቤንሰኖች። እርስዎ በመጡ ማግስት ተጎታቻቸውን ይዘው ወጡ።»

አርሌት ባዶውን ቦታ አየችው። ሸራ ማሰሪያው ገመድ እዚያው መሬት ላይ ወድቋል።

«ስልካቸውን ስጠኝ።»

«ምን ሊሏቸው?»

«ስጠኝ አልኩህ እኮ።»

እዚያው በሩ ላይ ቆማ ደወለች። «ወይዘሮ ቤንሰን፣ አርሌት ሃውገን ነኝ፤ ያን ቀን የጮኽኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ። ላይል ፒኬት ድሮ ሌባ ነበር፤ ያልኩት እውነት ነው። መኪናዬን ግን አልነካም፤ ያልኩት ውሸት ነው። ሌላም ነገር ልንገርዎ። ድሮ ከእስር ቤት ሲያመልጥ በሩን ከፍቼ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሳላውቅ። ስለዚህ ሰውን ስለማወቅ ከሆነ እኔን አይስሙ፤ ስለ ግቢ ግን ይስሙኝ። በዚህ ከተማ የሱን ያህል የሚጠበቅ ግቢ አላየሁም። ይህን የምልዎት ለቀልድ አይደለም፤ በእግሬ ዞሬዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋች። ሜሪል ተናፈጠ። ላይል ዝዮቹን ያያል።

ቤንሰኖች ከሰዓት በኋላ ተጎታቻቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ባዶው ቦታም ሞላ። አርሌት በረዶው ላይ ቆማ ሲገቡ አየች። ላይል አገጩን አከከ።

«አሁን የቀረኝ የመኝታ ክፍሌ መስኮት ሥር ያለው ነው» አለ። «ዝዮቹ የሚያድሩበት። ይሸታል።»

«የባቄላ ወጥ ካረረበት አይብስም።»

«የመኪናዋን ሁለተኛ ቁልፍ እይዛለሁ። እሳት ቢነሳ የማወጣበት። ሁሉም ደንበኛ ይሰጠኛል።»

አርሌት ቁልፉን ከኪሷ አወጣችው። ዕድሜዋን ሙሉ ቁልፍ ከእንዲህ ያለ ሰው እጅ ስትነጥቅ እንጂ ስትሰጥ አልኖረችም። ትንሽ ያዘችው። ከዚያ በአጥሩ ክፍተት አቀበለችው፤ ጣቷ እንዳይነካው ጫፉን ይዛ። ላይል ስሟን ካርቶን ላይ ጻፈና አብሮ አሰረው። ከዚያ ሰንሰለቱን ፈታ።

በዚያ በረዶ ወራት ሁሉ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣ ነበር። ሜሪል ለዝዮቹ ሰላጣ ይከትፋል። እሷ አጥሩን ትዞራለች።

«ሰንሰለትህ ዝጓል» ትላለች።

«ትናንት ዘይት ቀብቼዋለሁ፣ ሳጅን።»

«አልታየኝም። መብራትህም አንዱ ያርገበግባል። ያ ነጩ ዝይህ ደግሞ ሰንፏል፤ ሰው ሲመጣ የመጨረሻ ነው የሚነሳው።»

«አርጅቷል።»

«አርጅቷል!» ትላለች አርሌት በንቀት፤ ጓንቷን አውልቃ በሩ ተዘግቶ እንደሆነ ሁለት ጊዜ እየጎተተች።